ከድንኳን ድንኳን፣ ቤት ፍለጋ

፩

«የምታሻሽጠው መቃብር ነው ወይስ ቤት?»

ደላላው ሳቀ። ደላላ ሲስቅ ኪስህን ያዝ ይባላል፤ ካልተባለም ይኸው አሁን ተባለ።

እትዬ አሰገደች አልሳቁም። አጠገባቸው አንገታቸውን ደፍተው የቆሙትን ባልና ሚስት በአገጫቸው አሳዩት። «እነዚህ ስምንት ዓመት ሙሉ ሽሮ እየበሉ ሁለት ሚሊዮን ብር አጠራቀሙ። አንተ አሥራ አራት ካሬ ትላለህ።»

«እማማ፣ ሰፈሩ ነዋ። ደህና ሰፈር ነው።»

«አሥራ አራት ካሬ ላይ እንዴት ነው የሚተኛው?»

«በየተራ» አለ ደላላው።


፪

እነማን ናቸው የሚል ይኖራል። ይኸው።

ሩሐማ፦ ክሊኒክ ውስጥ የሰው ደም ስትመረምር የምትውል። እናቷ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አክስቷ እትዬ አሰገደች አሳደጓት፤ «እማዬ» ነው የምትላቸው። የሰባት ወር እርጉዝ ናት።

ሚልክያስ፦ ባሏ። የጂኦግራፊ መምህር። የዓለምን አገር ሁሉ በካርታ ላይ ያሳያል፤ የራሱ የሆነ እግር መዘርጊያ ግን የለውም።

አከራያቸው፦ ስሟ አይጠቅመንም። ቃሏ ይበቃል። «ልጅ ያለው አላከራይም። ሳትወልጂ ልቀቂልኝ።»

እትዬ አሰገደች፦ ቄራ አጠገብ የቀበሌ ቤት አላቸው። ቤት ማለት አንድ ክፍል ናት። ሦስት ሰው ቆሞባት አንዱ መዞር ሲያምረው፣ አንዱ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ «እኔ ዘንድ ኑ» ማለት አይችሉም። እንኳን ሕፃን፣ እንግዳም ቆሞ ነው የሚሸኘው።

ታሪኩ ለምን በቁራጭ በቁራጭ ሆነ የሚልም አይጠፋ። ቤቱስ በካሬ አይደል የሚሸጠው?


፫

የታየ ቤት

ሰፈሩ ደህና ነው። ቤቱ የለም። «ፎቁ ገና ነው፣ ለጊዜው በሥዕሉ ይመልከቱት» አለቻቸው ከንፈሯን የተቀባች ልጅ። በሥዕሉ ላይ መዋኛ አለ፤ ዛፍ አለ፤ ውሻ የምትጎትት ፈረንጅ አለች። እትዬ አሰገደች ወጥተው መሬቱን አዩ። ጉድጓድ። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ። ውሃው ውስጥ እንቁራሪት።

«እሷ ቀድማ ገብታለች» አሉ።

የታየ ቤት

ቤቱ ደህና ነው። ሰፈሩ የለም። አውቶቡሱ ሲያልቅ ባጃጅ፣ ባጃጁ ሲያልቅ እግር። «ውሃ በሳምንት አንዴ ይመጣል» አለች ጎረቤቲቱ። «የትኛው ሳምንት ላይ?» ሲሏት ባልዲዋን አንሥታ ገባች።

የታየ ቤት

ሁለቱም ደህና።

ዋጋ?



ወጡ።


፬

በዚያው ሰሞን እትዬ አሰገደች አንድ ነገር ገባቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ሰው ግን ቆጥረዋል።

በደህና ሰፈር ቤት የሚሸጠው ማን ነው? ውጭ አገር የሄደና የሞተ። የሄደው ስልክ አያነሳም። የሞተው ግን ድንኳን ያስጥላል።

ደግሞስ ሰፈር የሚታወቀው በለቅሶው አይደል? ድንኳን ውስጥ ግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው ሁሉን ያያል፦ ዕድሩ ጠንካራ መሆኑን፣ ጎረቤት ከጎረቤት መተዋወቁን፣ ወራሾቹ ጎን ለጎን ይቀመጡ ወይስ ጀርባ ለጀርባ። ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡ ልጆች ቤት ቶሎ ይሸጣሉ። በርካሽም ይሸጣሉ።

«እማዬ፣ ነውር ነው» አለች ሩሐማ።

«ነውሩ አሥራ አራት ካሬ ነው» አሉና ነጠላቸውን አነሡ።


፭

የማታውቂው ሰው ለቅሶ ቤት አገባብ (መሞከር ለምትፈልጊ)

ነጠላሽን አዘቅዝቂ።

ሟቹ ወንድ ይሁን ሴት ከበሩ ላይ አጣሪ። እትዬ አሰገደች አንዴ «ወይኔ ወንድሜን» እያሉ ገብተው ሟቿ ሴትዮ ሆነው አርፈዋል።

ሴቶቹ መሐል ተቀመጪ። ወሬው ያለው እዚያ ነው።

ንፍሮ ሲያዞሩ አንድ እፍኝ። ሁለት እፍኝ ያነሣ ሰው ይታወሳል።

አታልቅሺ። እንባ ዘመድ ያደርጋል።


፮

በአምስተኛው ድንኳን አለቀሱ።

ሟቹ አቶ ሀብተየስ ድልነሳ ይባላሉ። ኦልድ ኤርፖርት በኩል ትልቅ ግቢ፤ ከጀርባው ሁለት ክፍል ሰርቪስ፣ የራሱ በር ያለው። እትዬ አሰገደች ሽንት ቤት ፍለጋ ብለው ዞሩና ሰርቪሱን አዩት። ወለሉ ደረቅ፣ ጣራው ደህና። ደጃፉ ላይ ቧንቧ አለ። ከፈቱት።

ወረደ።

በጠራራ ፀሐይ፣ በሥራ ቀን፣ ያለ ሰልፍ፣ ውሃ።

ሲመለሱ ድንኳኑ ውስጥ ጸጥ ብሏል። ለቅሶ ያመጣው ጸጥታ አይደለም፤ የስልክ ጸጥታ ነው። ትልቋ ልጅ ወይዘሮ ሶስና ስልኳን በአውራ ጣቷ ትጠርጋለች፤ ሁለቱ ወንድሞቿ ጀርባቸውን ሰጥተዋት የየራሳቸውን ይጠርጋሉ። አንድም ደረቱን የነካ ሰው የለም። ሰው እንዲህ በደረቁ ይሸኛል? ለሟቹ አፈሩላቸው። የቧንቧው ድምፅም ገና ጆሯቸው ላይ ነው። የቱ እንዳስለቀሳቸው እሳቸውም አልለዩትም። ብቻ ተነሥተው ቆሙ፤

«ሰፊ ግቢህ ቀረ ውሃው እየፈሰሰ፣
አንተ ስትሄድበት ማን ላንተ አለቀሰ?»

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ስልኩ ሁሉ ጉልበት ላይ ወደቀ። ሦስቱ ወራሾች ከቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው እርስ በርስ ተያዩ።

ማናት ይቺ?

እዚህ ላይ ቢሄዱ ደህና ነበር። ግን ሲወጡ ዘበኛውን ጠጋ ብለው ስልክ ቁጥራቸውን ሰጡት። «ያ ሰርቪስ ነገሩ ምን እንደሚሆን ስትሰማ ደውልልኝ፣ ልጄ።»

ዘበኛው ለማን እንደነገረ መገመት አያቅትም፤ ወራሾቹም አባታችን የደበቃት ሴት ናት ብለው ጠበቃ ዘንድ አስጠሯቸው።


፯

ጠበቃ ቤት የተባለው፣ እንደተባለ

ጠበቃው፦ ከሟች ጋር የት ተዋወቁ?

አሰገደች፦ ድንኳን ውስጥ።

ጠበቃው፦ በሕይወት ሳሉ ማለቴ ነው።

አሰገደች፦ እኔ በሕይወት ነበርኩ። እሱ ነው ያልነበረው።

ሶስና፦ እማማ፣ እንግዳ ከሆኑ አባቴን ለምን «አንተ» ብለው አለቀሱ?

አሰገደች፦ ሙሾ በ«እርስዎ» አይወጣም፣ ልጄ። ሞክሪው።

ጠበቃው፦ ሰርቪሱን ለምን ጠየቁ?

አሰገደች፦ ልጄ ልትገዛው።

ሶስና፦ በስንት?

አሰገደች፦ በሁለት ሚሊዮን።

(ሳቅ። ከዚያ ሳቁ ቀስ ብሎ ሞተ፤ ሴትዮዋ እንዳልቀለዱ ገብቷቸዋል።)

ጠበቃው (ወደ ሶስና ጎንበስ ብሎ፣ ግን የሚሰማ)፦ ምንም አይደለሁም የሚሉት ናቸው ኋላ ፍርድ ቤት የሚያቆሙን። አምነው ቢፈርሙ ነው የሚሻለው።


፰

ነገሩ ሲጨመቅ ይኸው ነው።

ወራሾቹ ሰርቪሱን ከነ በሩ ለሩሐማ ይሸጡላታል። በሁለት ሚሊዮን። ዋጋው ከዚያ አራት እጥፍ እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል። በምላሹ እትዬ አሰገደች አንድ ወረቀት ላይ ይፈርማሉ፦ ከሟች ጋር እንደኖሩ፣ ድርሻቸውን በዚህ እንዳገኙ፣ ሁለተኛ እንደማይጠይቁ። ወረቀቱ የሌለበት ሽያጭ የለም።

«‹ያለ ጋብቻ አብራ የኖረች› ብለን ነው የምንጽፈው» አለ ጠበቃው፣ ጣፋጭ አድርጎ።

«ቅምጥ በለው። አማርኛ አለው።»


፱

እትዬ አሰገደች ባል ነበራቸው። ወልደሰማያት ይባላል፤ የመጋዘን ዘበኛ ነበር። በ1967 ተጋቡ፤ በ2008 ቀበሩት። አርባ አንድ ዓመት። ከእሱ ሌላ የወንድ እጅ በሰላምታ እንጂ አልነካቸውም። ሰፈሩ ውስጥ ጠጅ ቤት የዋለ ሰካራም እንኳ «የወልደሰማያት ሚስት» ሲያልፉ ከግድግዳው ላይ ቀና ይላል።

የቤት ካርታ የሌለው ሰው፣ ስሙ ነው ካርታው።


፲

«አታደርጊውም» አለች ሩሐማ።

«ማን ያነበዋል?» አሉ እትዬ አሰገደች። «ወረቀት ሳጥን ውስጥ ሆኖ አይጮህ።»

«እማዬ፣ ጋሼ ወልደሰማያትን ታዋርጂዋለሽ? አታደርጊውም አልኩሽ። እንከራያለን። ሩቅም ቢሆን እንሄዳለን።»

«የት?»

ሚልክያስ ካርታ የሚያውቀው ሰውዬ መሬት መሬት ያያል። «እኔም አልስማማም፣ እትዬ» አለ። «እርስዎን ሸጠን ቤት አንገባም።» ይህን ሲል ስልኩ ጮኸ። አከራይቷ ናት፤ ቅዳሜ ቤቱን የሚያዩ ሰዎች ይመጣሉ፤ ዕቃውን ሰብሰብ አድርጉት።

ተቀመጡ። ሩሐማ እግሯ አብጧል፤ ጫማዋን አውልቃ ባንዱ እግሯ ሌላውን ታሻለች።

ቆይታ፣ ወደ ማንም ሳታይ፣

«ውሃው ግን እውነት ቀን ቀን ይመጣል?»


፲፩

በማግስቱ እትዬ አሰገደች ብቻቸውን ሄዱ። ለማንም አልነገሩም። አንቺ የምታነቢውም አደራሽን።

ጠበቃው ወረቀቱን አነበበላቸው። ሦስት ጊዜ አስነበቡት፤ አንዴ ለመስማት፣ አንዴ እንዳይዋሻቸው፣ አንዴ ደግሞ ለማሰልቸት። ሦስተኛው ላይ ቆመ።

«አንድ ነገር ብቻ ይቀረናል፣ እናቴ። ከስንት ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ነው የምንለው?»

«ምኑ?»

«አብራችሁ መኖር የጀመራችሁት። ዓመት የሌለው ወረቀት አይጸናም።»

«ባሌ ከሞተ በኋላ በላ። ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።»

ጠበቃው ራሱን ነቀነቀ። ሰርቪሱ የተሠራው በ1988 ነው። ድርሻ ነበራት የሚያሰኘው ከዚያ በፊት አብራ ከኖረች ነው። ያለዚያ ወይዘሮ ሶስና አይፈርሙም፤ ሽያጩም የለም።

ከዚያ በፊት።

ማለትም ወልደሰማያት በቁሙ እያለ። እንጀራ አብረው እየቆረሱ።

«አንዱን ዓመት ይንገሩኝ፤ እኔ እሞላዋለሁ» አለ ጠበቃው። ለእሱ ቀላል ነው። ቁጥር ነው።


፲፪

እትዬ አሰገደች ክፉ ዓመት ፈለጉ።

ከጋብቻቸው እስከ ሰርቪሱ ሃያ አንድ ዓመት አለ። አንዱ ቢሄድ ምን ይጎድላል? ሲሰጡት የማያሳሳ ዓመት አይጠፋም ብለው ነበር።

ሰባን አለፉት፤ ወልደሰማያት ታስሮ ስንቅ ያመላለሱበት ነው። በበሩ ቀዳዳ ጣቱን ብቻ ያሳያቸው ነበር። ይሄ አይሰጥም።

ሰባ ሦስት። የመጀመሪያ ልጃቸውን የቀበሩበት። ሌሊቱን ሙሉ ሁለት ሆነው አንድ ጋቢ ለብሰው ያነጉበት። ክፉ ነው። ግን የሁለት ሰው ክፋት ነው፤ ብቻቸውን አይሸጡትም።

ሰማንያ አንድ። ተጣልተው ወር ሙሉ አልተነጋገሩም። ይሄ ይሁን? ይሁን ብለው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እንዴት እንደታረቁ ትዝ አላቸው። ዘጉት።

ሰማንያ አራት። ሰማንያ አምስት።

ጠበቃው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ። «እናቴ፣ የፈለጉትን ይበሉ። ማንም አይጠይቅም።»

እትዬ አሰገደች መስኮቱን አዩ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። አገጫቸው ቀና አለ።

«ጻፍ» አሉና አንዱን ዓመት ጠሩ፤ እኛ ግን አደራ አለብን።



ከ __________ ዓ.ም. ጀምሮ