ጋርኔት ያሸነፋቸው ሰዎች

ጋርኔት ህሪሳክ ከአሜሪካ የተመለሰ ቀን ቦርሳውን ከክፍሌ ደጃፍ ላይ ወርውሮ፣ «ሙሬይ፣ ቦታዬን ለሌላ ሰጠኸው እንዴ?» አለኝ። አልሰጠሁትም። በካናዳ፣ በሬጃይና ከተማ የሞላላ ኳስ ቡድን ሃያ ሁለት ዓመት የትጥቅ ኃላፊ ሆኜ ስሠራ አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ ወደ ደቡብ፣ ወደ አሜሪካ ከሚሄዱት አብዛኞቹ ይመለሳሉ። ስሙን ከቁም ሳጥኑ ላይ ሳልፍቀው ነበር የቆየሁት።

ጋርኔት የዊንያርድ ገበሬ ልጅ ነው። አባቱ ምስርና ስንዴ ያርሳሉ። በእጅ የምትወረወረውን ያቺን ሞላላ ኳስ በሩጫ ላይ እያለ ከአየር ላይ በመንጠቅ እንደሱ ያለ ሰው አላየሁም። ስድስት ዓመት ለእኛ ተጫውቶ፣ በመጨረሻው ዓመት በሊጉ ካሉት ኳስ ተቀባዮች ሁሉ በልጦ ጨረሰ። ነገር ግን ደንባችን ሜዳ ከሚገቡት ውስጥ የተወሰኑት የግድ የካናዳ ልጆች እንዲሆኑ ያዛል። ስለዚህ ምን ቢሠራ «ይሄ በፓስፖርቱ ነው የገባው» የሚል አይጠፋም።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ የገዛ እህቱ ባል ነው። ሮድኒ ከድንበሩ ማዶ፣ ከአሜሪካዋ ማይኖት መጥቶ ዳርሊንን ያገባ፣ የትራክተር መለዋወጫ የሚሸጥ፣ ክፋት የሌለው ግን አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ጋርኔትን የአሜሪካ ቡድን ለሙከራ የጠራው ጊዜ እንኳን፣ «ሂድና እውነተኛውን ኳስ እይ» ብሎ ነው የሸኘው።

እዚያ የሆነውን ጋርኔት የራስ ቁሩን ሳስተካክልለት ነገረኝ። እኛ ጋ ኳስ ተቀባይ ጨዋታው ሳይጀመር ከኋላ እየሮጠ መጥቶ ፍጥነቱን እንደያዘ መስመሩን ያልፋል። እነሱ ጋ ጨዋታው እስኪጀመር እንደ አጥር ግንድ ተገትሮ መጠበቅ አለበት።

«እግሬ እምቢ አለኝ» አለኝ። «አእምሮዬ ቁም ይላል፣ እግሬ ይሄዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ሦስቴ ቀጡኝ። 'ካናዳዊው፣ አውቶቡስ ሊያመልጥህ ነው?' እያሉ ይስቁብኛል።»

«ከዚያስ?»

«ለመድኩታ! የመጨረሻዎቹን አሥር ቀናት ማንም አላቆመኝም። ዴልሮን ስፒቪ የሚባል የጆርጂያ ልጅ ነበር በተከላካይነት የሚገጥመኝ፤ ጎበዝ ነው፣ በጣም ጎበዝ ነው፤ እሱንም አለፍኩት።»

ከዚያ አሰልጣኙ ቢሮ አስጠራው።

«ጥሩ ልጅ ነህ» አለው። «ግን ሪከርድህን በምን ልመዝነው? እዚያ ያሸነፍከው እኛ የጣልናቸውን ነው።»

«እዚህ ያሸነፍኳቸውስ?»

«እሱማ ልምምድ ነበር» ብሎ ለስንብት እጁን ዘረጋለት።

ጋርኔት ይህን ሲነግረኝ የራስ ቁሩን ማሰሪያ ይዞ ይጎትተው ነበር፤ በመጨረሻ በጠሰው። ሌላ ሰጠሁት።

በሳምንቱ ሰኞ አንድ ቀጭን ረጅም ልጅ፣ ለአገሩ ብርድ የማይሆን ስስ ጃኬት ለብሶ ወደ ልብስ መቀየሪያው ገባ። ጋርኔት ቀና ብሎ አየውና ክው አለ።

«ገበሬው!» አለ ልጁ።

«ዴልሮን? አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ጣሉኝ።»

«አንተን? ለምን?»

«በአንተ የተነሳ ነዋ!» ዴልሮን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «'በካናዳዊ የሚበለጥ ተከላካይ ምን ያደርግልናል?' አሉኝ። አንተን ጣሉህ፣ በአንተ የተበለጥኩትን እኔንም ጣሉኝ።»

ጋርኔት ወደ እኔ ዞረ። እኔ ለዴልሮን ወፍራም ካልሲ ሰጠሁት።

የእኛ ሜዳ ለዴልሮን መከራ ሆነበት። ከእነሱ ይሰፋል፣ ይረዝማል፤ ተቀባዩ ደግሞ በሙሉ ፍጥነት ነው የሚመጣበት። «ይሄ ሜዳ ነው ወይስ የአባትህ የምስር ማሳ?» እያለ ያማርር ነበር። በጨዋታ ቀን የሚሰለፍ አልሆነም፤ ለልምምድ ብቻ ያዙት። በየቀኑ ከጋርኔት ጋር ይገጥማል፣ በየቀኑ ይበለጣል፣ ከዚያ አብረው ምሳ ይበላሉ። አንድ ቀን ሾርባቸውን እየጠጡ ሳለ፣ «እውነቱን ልንገርህ?» አለው። «እዚህ ትበልጠኛለህ። እዚያም አሥሩን ቀን በልጠኸኛል። አንድ ወር ቢጨምሩልን ግን እኩል እንሆን ነበር።» ጋርኔት ይህን ንግግር ወደደው። ከዚያ ሁሉ ወሬ መሐል ሜዳው ላይ የነበረ ሰው የተናገረው እሱ ብቻ ነበር።

በእሁድ ምሳ ግን ሮድኒ አለ። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ዳርሊን እሁድ እሁድ ስለምትጠራኝ እኔም እዚያው ነኝ። ጋርኔት በዚያ ሳምንት ዴልሮንን እንዴት እንዳታለለው ሲያወራ ሮድኒ ሹካውን አስቀመጠ።

«የተጣለ ሰው እኮ ነው! የተጣለን መብለጥ ምኑ ይወራል?»

«እኔ ስበልጠው አልተጣለም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጣሉት?»

«ስለበለጥኩት!»

«ይኸውልህ» አለ ሮድኒ፣ ነገሩ የተቋጨ ይመስል። «ጎበዝ ቢሆን አትበልጠውም ነበር።»

ጋርኔት ፊቱ ቀላ። «ስማ፣ እኔ የበለጥኩት ሰው ሁሉ የበለጥኩት ዕለት ከንቱ ይሆናል ማለት ነው? ታዲያ ማንን ነው የምበልጠው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ደረጃው ነው።»

«ሮድኒ፣» አለች ዳርሊን፣ «ድንቹን ወዲህ በል፤ አፍህንም ሰብስብ።»

በጥቅምት መጨረሻ የአንድ የአሜሪካ ቡድን ሁለት ተከላካዮች በአንድ ቀን ተጎዱ። ስልክ ሲደወልለት ዴልሮን ልምምድ ላይ ነበር። በልምምድ ብቻ የተያዘ ሰው ከጠሩት ይሄዳል፤ ሻንጣውን በሃያ ደቂቃ ዘግቶ ጋርኔትን አቀፈው። «ስላንተ እነግራቸዋለሁ» አለው።

በሁለተኛው እሁድ ሁላችንም ዳርሊን ሳሎን ሆነን የዴልሮንን አዲስ ቡድን ጨዋታ በቴሌቪዥን አየን፤ ለሮድኒ ግን ማን እንዳለበት የነገረው የለም። ዴልሮን ገና በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ለአንድ ስመ ጥር ተቀባይ የተወረወረውን ኳስ በጣቱ ጫፍ ነክቶ አጨናገፈ። ሮድኒ ከሶፋው ተነስቶ አጨበጨበ።

«ተከላካይ ማለት ይሄ ነው! አየኸው? እንዲህ ያለ ሰው እናንተ ጋ የት ይገኛል?»

ጋርኔት ቀስ ብሎ፣ «ማን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለው።

«ማነው?»

«ዴልሮን ነው። የተጣለው።»

ሮድኒ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ፤ በማሊያው ጀርባ ላይ ያለውን ስም አነበበ። ለአፍታ የሚያርፍ መስሎኝ ነበር።

«ተሻሽሎ ነዋ» አለ።

«በሁለት ሳምንት?»

«ሰው አገሩ ሲገባ ይሻሻላል።»

ጋርኔት ተነስቶ ወጣ። በመስኮት ሳየው የግቢውን በረዶ በአካፋ ይዝቅ ነበር። በረዶው ከጣት አይበልጥም፤ እሱ ግን ሲሚንቶው እስኪፋቅ ይዝቃል። ዳርሊን ጓንት ይዛለት ወጣች፤ አልተቀበላትም።

በማግስቱ እኔ ክፍል፣ የራስ ቁሮቹ መሐል ቆሞ ወደ ዴልሮን ደወለ። እንድሰማ ድምፁን ከፈተው።

«ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው፤ እውነቴን ነው። ለዋናው አሰልጣኝም ለምክትሉም ነገርኩ። 'ካየኋቸው ሁሉ ለመያዝ የሚከብደው እሱ ነው' አልኳቸው።»

«እና ምን አሉ?»

«ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አለ። «'ያን ያህል ጎበዝ ከሆነ እዚያ ምን ይሠራል?' አሉኝ።»

ጋርኔት አመስግኖት ስልኩን ዘጋ። «ሙሬይ፣ ሰውን በምንድን ነው የሚለኩት?» አለኝ። እኔ እንጃ። ከዚህ ሄደው እዚያ ስማቸው የገነነውን ማሊያ አጥቤያለሁ፤ እዚያ ገነው እዚህ ሦስት ሳምንት ያልቆዩትንም አጥቤያለሁ። ግን ልብስ አጣቢን ማን ይጠይቃል? በዚያ ቀን ልምምድ አራት ኳስ ከእጁ አመለጠው፤ አሰልጣኛችን ጮኸበት፤ እሱም መልሶ ጮኸ።

ቅዳሜ ዊኒፔግ ሄደን ከከተማው ቡድን ጋር ለፍጻሜ ለማለፍ ገጠምን። ብርዱ ከዜሮ በታች አሥራ ሁለት ዲግሪ ነበር። ጋርኔት በቁጣ ነው የተጫወተው፤ ዘጠኝ ኳስ ያዘ፣ ሁለቱን ከጎል መስመር አሻገረ። ሊያልቅ ሦስት ሰከንድ ሲቀረው እኩል ነበርን። እነሱ በእግር ለጎል መቱና ሳቱ፤ ኳሱ ግን ከኋላችን ከሜዳው ወጣ። በእኛ ደንብ ተስቶ እንዲያ የወጣ ምት አንድ ነጥብ ያስገኛል። በአንዷ ነጥብ ተሸነፍን።

ጋርኔት ጫማውን ሳይፈታ ስልኩ ጮኸ። ሮድኒ ነበር፤ ለማጽናናት መደወሉ ነው።

«አይዞህ። ስቶ ነጥብ የት አለ? በእኛ ሕግ ቢሆን እኮ አሁንም እኩል ናችሁ።»

«በእናንተ ሕግ ቢሆን እኔ የለሁም፣ ሮድኒ» አለና ዘጋው።

በጥር ወር አንድ ሌላ የአሜሪካ ቡድን ለሙከራ ሊጠራው አስቦ ቁመቱንና የክንዱን ርዝመት እንዲልክላቸው ጠየቀው። መለኪያ ሜትር ከእኔ ወስዶ ሁለት ቀን ኪሱ ውስጥ ይዞት ዞረ። በሦስተኛው ቀን መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረውና ቢሮ ገብቶ ከእኛ ጋር የሁለት ዓመት ውል ፈረመ።

እንኳን ደስ አለህ ልለው እጄን ስዘረጋ፣ «ተው፣ ሙሬይ» አለኝ። «የፈረምኩት ረክቼ እንዳይመስልህ።»

እጄን አወረድኩ። እሱም አዲሶቹ የትከሻ መከላከያዎች መቼ እንደሚደርሱ ጠየቀኝ። በመጋቢት አልኩት።