እትዬ ዝም ያለች ጊዜ

ጨጓራዬን ሐኪም ከመቁረጡ በፊት እህቴ ልጣ ጨርሳዋለች። ለቀልድ አይደለም። ከእሷ ጋር አንድ ቤት እየኖረ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ የስፌት መኪና እየረገጠ ያላበደ ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ታላቄ ናት። ደንበኛውም ጎረቤቱም እትዬ ነው የሚላት። እኔን ደግሞ፣ በር በጎን የምገባዋን ሴትዮ፣ ሚጣ ትለኛለች። ከእሷ ሰምቶ ሰፈሩም ሚጣ ይለኛል።

እትዬ ያየችውን ሳትናገር አታድርም። መንገደኛ በሱቃችን ደጃፍ ሲያልፍ "የኮቱ ትከሻ ወድቋል" ትላለች፣ እሱ እየሰማ። ሙሽራ ልኳን ስትለካ "ይሄ ወገብ እስከ ሠርጉ እንዲህ ይቆያል ብለሽ ነው?" ብላ ታስለቅሳለች። የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ብዬ ስንቴ መክሬያታለሁ። "እኔ የማየውን ነው የምናገረው" ነው መልሷ። ደንበኞቻችን የሚችሏት እጇ ወርቅ ስለሆነ ብቻ ነው።

ቀዶ ጥገናውን ያሰብኩት ለመልክ ብዬ አይደለም። ስኳሬ አልወርድ አለ፣ ጉልበቴ አልታዘዝ አለ፣ በመጨረሻ ነገሩ ዓይኔ ላይ ወጣ። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተኝ። ሐኪሙ "ክብደትሽ ካልቀነሰ ስኳሩ አይቀንስም፤ ስኳሩ ካልቀነሰ ደግሞ ዓይንሽን እንዳጣሽ ቁጠሪው" አለኝ። ዓይን የሌላት ልብስ ሰፊ ምን ሠርታ ትበላለች? ጨጓራዬን ቆርጠው እንዲያሳንሱልኝ ተስማማሁ።

ክሊኒኩ ግን ብቻሽን አንቀበልም አለኝ። ደጋፊ አምጪ ተባልኩ፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት ትምህርቱን አብሮኝ የሚከታተል፣ ከዚያም በኋላ ቤት ውስጥ የሚያስታምመኝ የቅርብ ሰው። ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም። ያለችኝ እትዬ ናት። እንግዲህ እንደ ፍጥርጥሩ ብዬ ይዣት ሄድኩ።

ትምህርቱ የሚሰጥበት ክፍል መደገፊያ እንጂ የጎን ክንድ የሌላቸው ሰፋፊ ወንበሮች አሉት። በሕይወቴ ለእኔ ታስቦ የተገዛ ወንበር ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ እትዬ ጀመረች። አጠገቧ ለተቀመጡት ግዙፍ ጡረተኛ ሾፌር "ይሄን ሱሪ ማነው የሰፋልዎ? በድሎዎታል" አለቻቸው። ቀጥላ በጉባኤው ፊት ወደ እኔ ጠቁማ "እሷ እኮ ማታ ማታ ተደብቃ ነው የምትበላው" አለች። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። መሬቱም እኔን ለመዋጥ አቅም ያጣ ይሆናል።

የምግብ ባለሙያዋ ቀጠን ያለች፣ ድምፀ ለስላሳ ልጅ ናት። "እትዬ" አለቻት፣ "እዚህ ስለ ሰው ሰውነት አንናገርም። ወፈርሽ፣ ከሳሽ፣ ይበቃሻል፣ ጨምሪ፣ እነዚህ ቃላት ታማሚውን ይጎዳሉ። ደጋፊ አፉን ይሰበስባል።"

"ታዲያ አፌን ሰብስቤ በምኔ ልደግፋት ነው?"

"በእጅዎ ይርዷት።"

እትዬ ተቀየመች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የተባለውን ትስማ አትስማ እሷ ታውቃለች። ወደ ቤት ስንመለስ ግን "ከዛሬ ጀምሮ ስለ ሰውነትሽ አንዲት ቃል ከእኔ አትሰሚም" አለችኝ። ደስታዬን አልደበቅሁም። ምን እየጠራሁ እንደነበር መች አወቅሁ!

ከቀዶ ጥገናው በፊት ጉበቴ እንዲቀንስ ተብሎ ፈሳሽ ብቻ እንድወስድ ታዘዝኩ። እትዬ ትንፍሽ አላለችም። ፊቴ ላለመብላት ብላ ግን ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት መጋረጃ ኋላ እየገባች መብላት ጀመረች። አንዲት አስተማሪ ደንበኛችን ቀሚሷን ልትለካ መጋረጃውን ብትገልጠው እትዬ ጉንጯ በዳቦ ተወጥሮ ከመስታወቱ ጋር ተፋጣለች። ሁለቱም ጮኹ። እኔ ያን ውኃ የመሰለ ሾርባዬን ይዤ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። የዳቦ ሽታ እኮ መጋረጃ አያግደውም!

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። እትዬም እንደ ቃሏ በእጇ ትረዳኝ ገባች። ሾርባውን አጥልላ በትንሽ ኩባያ ታቀርብልኛለች፣ ክሊኒኩ ያዘዘልኝን ዱቄት በወተት ትበጠብጣለች፣ ኪኒኔን ትፈጫለች፣ ልብሴን አጥባ ተኩሳ አልጋዬ ጫፍ ላይ ታስቀምጣለች። አንድ ቃል ግን የለም።

ተሽሎኝ ወደ ሱቅ ስመለስ ነው ጉዱ የጀመረው። ሚዛን ቤታችን የለም፤ ክሊኒኩ አውጡት ስላለን እትዬ ለጎረቤት ሰጥታዋለች። ለመስታወት ጀርባዬን ከሰጠሁ ቆይቻለሁ። እኔ የማምነው ልብስን ነው። ልብስ ይሉኝታ አያውቅም፤ ከጠበበ ጠበበ፣ ከሰፋ ሰፋ። ታዲያ ጠዋት ጠዋት ቀሚሴን ሳጠልቅ ልክክ ይላል! ወገቡ እንደ ድሮው ያዝ ያደርገኛል፣ ክንዱም እንደ ድሮው። ሌላውን ባወጣ ያው ነው። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው። ሆዴን አስቀድጄ፣ ምግብ ናፍቆኝ እያለቀስኩ፣ ቀሚሴ ንቅንቅ አላለም።

ደንበኞች "ሚጣ፣ ከሳሽ እኮ!" ይሉኛል። ደንበኛ ሰኞ ያመጣውን ልብስ ማክሰኞ ሲፈልገው የማይልሽ ነገር የለም፤ አላመንኳቸውም። ፍርድ የምጠብቀው ከእትዬ ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ ታየኛለች፣ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ ወደ መኪናዋ ታቀረቅራለች። የመንገደኛ ትከሻ የማታልፍ ሴት እኔን አይታ የምትለው ካጣች፣ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። አንጀቴ አረረ።

"እትዬ፣ ምንም ለውጥ የለኝም አይደል?"

"እኔ ስለ ሰውነት አልናገርም።"

"እኔው ራሴ እኮ ነኝ የጠየቅኩሽ!"

"ቃል ቃል ነው። ደሞም ዝም አይነቅዝም።"

"ዝም ማለት የነበረብሽማ ድሮ ነው!"

"ሾርባሽ እየቀዘቀዘ ነው" አለችኝና ክሯን በጥርሷ በጠሰች።

ያን ጊዜ ራሴን በራሴ ሐኪም አድርጌ ሾምኩ። የሚያወፍረኝ ዱቄቱ ነው ብዬ፣ እትዬ ዞር ስትል ማጠቢያው ውስጥ እደፋዋለሁ። ሾርባውን አጋመስኩት። ውኃውም ሆዴን የሚነፋው መስሎኝ ከንፈሬን በማርጠብ ብቻ አለፍኩት። የክትትል ቀጠሮዬ ሲደርስ ሚዛን ላይ ወጥቼ አልዋረድም ብዬ ቀረሁ፤ እትዬን "ሐኪሙ ስለሌለ ተላልፏል" አልኳት። ከክሊኒኩ ሲደወል ስልኩን አላነሳም። ዓይኔን ላድን የገባሁበትን ነገር በንዴት ልጥለው እንደሆነ አልታየኝም።

አንድ ቀን የተማሪ ዩኒፎርም ልቆርጥ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቻለሁ። የወደቀ መቀስ አንስቼ ቀና ስል ሱቁ በሞላ ዞረ። ከዚያ የማስታውሰው ክሊኒኩ አልጋ ላይ መሆኔን ነው፤ ክንዴ ላይ መርፌ ተሰክቶ ከበላዬ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። እትዬ ጫማዎቼን ደረቷ ላይ ታቅፋ እግርጌ ቆማለች።

ነፍስ ስዘራ ሲስተሯ ደግፋ ሚዛን ላይ አወጣችኝ። ጠና ያለች፣ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ቁጥሩን አየችው፣ መነጽሯን አድርጋ እንደገና አየችው።

"ይሄ ሁሉ ኪሎ የት ሄደ?" አለችኝ።

"የቱ ኪሎ?"

"በዚህ ጊዜ ይቀንሳል ካልነው በላይ እኮ ነው የቀነስሽው! ሰውነትሽ ውኃ የለውም፣ ደርቀሻል። ምንድን ነው ስትጠጪ የከረምሽው?"

"ሚዛናችሁ ተበላሽቶ ነው ሲስተር። ቀሚሴን ይጠይቁት፣ ፍንክች አላለም።"

ካላዘሉኝ አላምንም አለች ሙሽራ። እኔ ደግሞ ተሸክመውኝ መጥተውም አላመንኩም። ሲስተሯ ጭንቅላቷን ነቅንቃ ወደ አልጋዬ መለሰችኝ፤ የክሊኒኩን ሸሚዝ አልብሳ ቀሚሴን ወንበር ላይ ወረወረችው። ቀሚሱ ውስጡ ወደ ውጭ ተገልብጦ ወደቀ።

የደንበኛ ልብስ ሳልገለብጥ አላልፍም፣ የራሴን ግን መች ገልብጬ አውቃለሁ? ከጎኑ ስፌት አጠገብ ሌላ ስፌት አለ። ከእሱ አጠገብ ሌላ። ከእሱም ወዲህ እንደ ደብተር መስመር ሌላ፣ ሌላ። ብብቱም፣ ክንዱም፣ ወገቡም እንዲሁ ነው። ትርፉ ጨርቅ አልተቆረጠም፤ ታጥፎ በእጅ ተዘምዝሟል። እንዲህ የሚዘመዝም ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

"እትዬ! ቀሚሴን አጥብበሽዋል!"

"ታዲያ ጆንያ ለብሰሽ ልትወጪ ነው?" አለች፣ ጫማዎቼን ጠበቅ አድርጋ። "የልብስ ሰፊ እህት ልብስ ተንጠልጥሎባት ትሂድ? በእጅሽ እርጂ ተባልኩ፣ በእጄ ረዳሁ።"

"ሁሉንም?"

"ያለሽን ሁሉ። ባጠብኩት ቁጥር።"

ደሜ ፈላ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ፤ ደግነቱ መቀሴ ሱቅ ቀርቷል። "እኔ ምንም አልቀነስኩም ብዬ እህል ውኃ ትቼ ስሞት፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ ቀሚስ ታጠብቢያለሽ? ያ ሁሉ አፍሽ የት ሄደ?"

"እህል ውኃ ትቼ?" አለች እትዬ። "ዱቄቱንስ?"

አንሶላውን እስከ አገጬ ሳብኩት። ሲስተሯ ገባት።

"ሁለታችሁም አንድ ናችሁ" አለች። "አንዷ ተደብቃ ትደፋለች፣ አንዷ ተደብቃ ትሰፋለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም! አንቺ እትዬ፣ በመልኳ ላይ አትፍረጂ አልን እንጂ ስትጠወልግ እያየሽ ዝም በይ ማን አለሽ? አደጋ ካያችሁ ደውሉ ተብላችሁ አልነበር?"

"እሱን አልሰማሁም" አለች እትዬ ቀስ ብላ። "ተቀይሜ ነበር።"

ሲስተሯ አንድ ብርጭቆ ውኃ እጄ ላይ አስይዛኝ፣ "በትንሽ በትንሹ ፉት እያልሽ ጨርሺ" ብላ ሐኪሙን ልትጠራ ወጣች። እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጮህባት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"አውቅ ነበር" አለች።

"ምኑን?"

"ከልክ በላይ እየከሳሽ እንደሆነ። ስፌት አይዋሸኝም። ያጠበብኩት ሳይውል ሳያድር ይሰፋል፣ ደግሞ አጠብበዋለሁ፣ ደግሞ ይሰፋል። እንዲህ ያለ ነገር ያየሁት እማዬ የታመመች ጊዜ ብቻ ነው። የእሷንም ቀሚስ የማጠብበው እኔ ነበርኩ።"

ይህን አላውቅም ነበር። እማዬ እስከ መጨረሻዋ ቀን ልብሷ ልክ እንደነበር ነው ትዝ የሚለኝ።

"ትርፉን መቀስ ማስነካት ፈራሁ" አለች። "ከቆረጥኩት ተመልሰሽ የማትመጪ መሰለኝ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"ስናገር እኮ ነው ሰው የምጎዳው። አንቺው ነሽ ሁሌ የምትዪኝ። አንዴ እንኳ ዝም ብዬ ልርዳት ብዬ ነው፣ ሚጣ።"

ንዴቴ የሚሄድበት አጣ። አሳዘነችኝ፤ እኔም ለራሴ አሳዘንኩኝ። እኔ አልከሳሁም ብዬ ብቻዬን ስብሰለሰል፣ እሷ ከሳች ብላ ብቻዋን ትንቀጠቀጥ ኖሯል፣ አንድ ጣሪያ ሥር።

"በይ ተናገሪ" አልኳት።

"ምን?"

"የምታዪውን።"

ጫማዎቼን መሬት ላይ አስቀመጠች። "ጉንጭሽ ጎድጉዷል" አለች። "ከንፈርሽ ተሰነጣጥቋል። አንገትሽ የሌላ ሰው መስሏል። ይሄን የክሊኒክ ሸሚዝ ደሞ ማነው የሰፋው? ይሄም ሥራ ተብሎ! ጠጪ እንጂ፣ ምን ታዪኛለሽ? ፉት በይ። አሁንም ፉት በይ። ዱቄቱን ሁለተኛ ብትደፊ አፍሽን ከፍቼ ነው የምግትሽ። ለቀጠሮሽ ጎትቼ አመጣሻለሁ፣ ሰው ይስማ አልሰማ ግድ የለኝም። ፈርቻለሁ፣ ሚጣ፣ ሰማሽኝ? እንዳትሞቺብኝ!" ድምፅዋ ከፍ እያለ ሄዶ ኮሪደሩን ሞላው። እያለቀሰች ትሳደባለች፣ እኔም እያለቀስኩ ፉት እላለሁ።

ሲስተሯ በሩን በርግዳ ገባች። "እትዬ! እዚህ እኮ በሽተኛ አለ፣ ዝም በይ!"

"ኧረ ሲስተር ይተዉአት!" ብዬ ጮኽኩ፣ የቀረኝን አቅም ሁሉ አሰባስቤ። "ዝም አያሰኙብኝ!"