የሹፌር በር

ሌባ ቢያንስ ፊቱን ይሸፍናል። የባሌ ታላቅ ወንድም ግን የዘረፈኝ ጫማውን አስጠርጎ፣ በደጃፌ «ቤቶች!» እያለ ገብቶ፣ ሻይዬን ፉት እያለ ነው። የተወሰደብኝ ዕቃ ያንገበግበኛል፤ ከዕቃው በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ያ ሻይ ነው። ስኳሩን እንኳ እኔ ነኝ ያማሰልኩለት!

ለዓመታት በሰው የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ባንኮኒ ኋላ ቆሜ ስሸጥ ኖሬያለሁ። ሰው «እንትን አለ?» ሲለኝ እንትኑ ምን እንደሆነ ከአነጋገሩ አውቃለሁ። የራሴ ሱቅ እንዲኖረኝ መመኘቴን ያልሰማ ጎረቤት የለም። በመጨረሻ በመለዋወጫ ሻጮቹ ረድፍ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተለቀቀችና ባለቤቷ፣ «እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አትቀየሚኝ» አለችኝ። እናቴ ስዳር አንገቴ ላይ ያሰረችልኝን ወርቅ ሸጥኩና አንዲት የተጋጨች ፒክአፕ ገዛሁ። ፈታትቼ እየሸጥኩ የሱቁን ቅድሚያ ኪራይ ልከፍል ነበር ሐሳቤ።

ፒክአፗን ከባድ መኪና ነው ከኋላ የገጫት። የጭነት ሳጥኗ ተጨፍልቆ ከጋቢናዋ ጋር ተጣብቋል። ፊቷ ግን አንድም ጭረት አልነካውም። ከፊት ሲያዩዋት ሙሽራ፣ ከኋላ ሲያዩዋት ሬሳ። ተጎትታ ግቢያችን ስትገባ ዋርሳዬ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ሰው መኪና ይገዛል፤ የወንድሜ ሚስት አስከሬን ትገዛለች! ቀብሩ መቼ ነው?» አለ፣ ጎረቤት እየሰማ።

እሱም እንደዚችው ያለች ፒክአፕ ነበረችው። ከመብራት ምሰሶ ጋር አጋጭቷት፣ «ለብረት ሻጭ ሸጥኳት፤ ተገላገልኩ» ብሎ ነግሮናል። አመንነው። እኛ ቤት የማይታመን ነገር የለም።

እዚህ ላይ የባሌን ቤተሰብ አንድ ሕግ መናገር አለብኝ። አማቴ ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን ብቻዋን፣ የሰው ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገቻቸው። ስለዚህ «እማማ ብላለች» ከተባለ ነገሩ አለቀ። ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ወደ እሷ ሄዶ «እውነት ብለዋል ወይ?» ማለት ነው። የምንኖረው በአንድ ግቢ ነው፤ በሯ ከበሬ ፊት ለፊት ነው። ያንን ጥያቄ ይዞ ግቢውን የተሻገረ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልነበረም።

መጀመሪያ የፊት መብራቶቹን ሊወስድ መጣ። «አንድ ምስኪን ታክሲ ነጂ አለ፤ በጨለማ እየነዳ ልጆቹን ያበላል። እማማ ስጡት ብላለች» አለ። በሳምንቱ ለራዲያተሩ መጣ፤ ለእማማ ሐኪም ነው አለ። ቀጥሎ ኮፈኑን ፈለገ።

«ይኼኛው ደግሞ ለማን ነው ጋሼ?» አልኩት።

«ለአባታችን ሬሳ ትከሻውን ለሰጠ ሰው ነው። አሁን ይኼ ሰው ኮፈን ይከለከላል? እማማ ብላለች።»

ሰበቡ በመጣ ቁጥር እየከበደ ሄደ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የኔ መኪና ደግሞ በሰው እግር ሄደች። ፈትቶ የሚያስረክበው ማን ነበር? የገዛ ባሌ! እጁ ወርቅ ነው፤ ያልፈታው ብሎን የለም። ወንድሙ ፊት ሲቆም ግን ራሱ ይፈታል።

እኔ ደግሞ የሱቅ ሰው ነኝ። ደህናውን ዕቃ ገዝቶ፣ የራሱን አሮጌ «አልሠራልኝም» ብሎ የሚመልስ ደንበኛ ስንቱን አይቻለሁ። ስለዚህ ማንኛውም ዕቃ ከእጄ ከመውጣቱ በፊት በማይታይ ቦታው ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ አደርጋለሁ። በነፃ ለሚሄደውም ቢሆን እጄ ለምዶበት አደረግሁ። ለባሌ አልነገርኩትም፤ አፉ ወንፊት ነው።

አንጀቴን ያሳረረው የካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ ነገር ነው። ሞተሩን ከነካምቢዮው የሚፈልግ አንድ ጋራዥ ያለው ሰው አግኝቼ ነበር። በሱ ገንዘብ የሱቁ ነገር ያልቅልኛል። ልክ በዚያው ሰሞን ዋርሳዬ መጣና «እማማ ጡት አጥብታ ያሳደገችው ልጅ ካምቢዮው ተሰብሮበታል» አለ። በትዳር የኖርኩበትን ዘመን ሁሉ ያልሰማሁት የጡት ልጅ በካምቢዮ ሰበብ ተወለደ!

«ገዢ አለው! ሁለቱን አብሮ ካልሆነ አይወስድም» ብዬ ጮህኩ።

«እማማ ብላለች እኮ!» አለኝ ባሌ፣ እንደሚለምን ሰው፤ ከዚያም በጀርባው መኪናዋ ሥር ገባ።

ባለጋራዡ መጣ፣ ሞተሩን ዞሮ ዞሮ አየ፣ «ያለ ካምቢዮ አልፈልገውም» ብሎ ሄደ። ባለሱቋም ገንዘቡን በእጁ የያዘ ሌላ ሰው እንደመጣባት ነገረችኝ፤ ቢበዛ ሁለት ሦስት ቀን ልትታገሰኝ ትችላለች። ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ ሽንኩርት ነው አልኩ።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ታክሲ ጥበቃ ቆሜያለሁ። አንዲት አመድማ ፒክአፕ ጥሩንባዋን ነፍታ አጠገቤ ቆመች። ዋርሳዬ ነው። ተንጠራርቶ በእኔ በኩል ያለውን በር ከፈተልኝ።

«ግቢ ላድርስሽ! አየሻት? ከብረት ሻጩ መልሼ አነሳኋት። ዕቃውን በሙሉ ከውጭ አስመጥቼ!»

ገባሁ። በሱ በኩል ያለው በር ተጨራምቶ በሽቦ ታስሯል፤ መስታወቱ ረግፎ በቆርቆሮ ተደፍኗል። መግባትም መውጣትም በእኔ በኩል ነው። ትንሽ እንደሄድን ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ አንድ ነገር ብላለች። ያንቺን የሹፌር በር ትፈልገዋለች።»

«እማማ? የመኪና በር?»

«ለዶሮ ቤቱ። አይጥ አስቸገራት።»

ለዶሮ ቤት! የሱ በር በሽቦ ታስሮ እንደ ጥርስ እየተንገጫገጨ፣ ዓይኔን እያየ ለዶሮ ቤት አለኝ። ማርሽ ሲቀይር ዝቅ ብዬ አየሁ። ከማርሽ ዘንጉ አንገት ላይ፣ ከእጀታው ሥር፣ ቀይ ነጥብ አለች። ካምቢዮው ራሱ ዘይት ስለነበረበት ቀለሙ አልይዝ ብሎኝ እዚያ ነበር ያደረግሁት። ማርሹ ሲገባ ብቅ፣ ሲወጣ ብቅ ትላለች። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ፣ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። መብላቱስ ይሁን፤ ሰበቡን ደግሞ እኔ ልሸከም?

ግቢ እስክንገባ ዓይኔን ከነጥቧ አልነቀልኩም። ሞተሩን አጠፋና «ውረጂ እንጂ» አለኝ።

«አልወርድም።»

ባሌን ጠራሁት። እጄን በዋርሳዬ ጉልበት ላይ አሻግሬ የኮፈኑን ማንሻ ሳብኩና፣ «ክፈተውና በግራ በኩል ከማጠፊያው ሥር እይ። ከመብራቶቹ ጀርባ እይ። ከራዲያተሩ ክዳን ሥር እይ» አልኩት።

ባሌ ብዙ ጊዜ አጎንብሶ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ከል መስሏል።

«ሁሉም ላይ ቀይ ነጥብ አለ።»

«የጥፍር ቀለሜ ነው።»

አማቴ ለዶሮዎቹ የምትበትነውን እህል እንደያዘች ወጣች። መስታወቱን አወረድኩት።

«እማማ፣ ለዶሮ ቤቱ የመኪና በር ፈልገዋል?»

«ዶሮዎቼ መንጃ ፈቃድ አወጡ እንዴ?»

«ራዲያተርስ ለሐኪምዎ አስልከዋል?»

«ሐኪሜ በእግሩ አይደለም እንዴ የሚሄደው!»

«የጡት ልጅዎስ?»

«የምን የጡት ልጅ? እነዚህን ሁለቱን ማጥባቴ ይበቃኛል።» ከዚያ እህሉን እንደያዘች ወደ መኪናዋ ጠጋ አለች። ታላቅ ልጇን አየችው። «በእኔ ስም?»

«እማማ፣ ዘመድ አይደለን…» አለ ዋርሳዬ፣ መሪውን እየዳበሰ።

እፎይ አልኩ። አሁን ፍርድ ይሰጣል ብዬ ተደላድዬ ተቀመጥኩ። አማቴ ወደ እኔ ዞረች።

«በይ ልጄ፣ የሆነው ሆኗል። ባዳ አልወሰደው፤ ወንድም ከወንድሙ ነው የወሰደው። ቢጠይቀኝም ስጡት ማለቴ አይቀርም ነበር። ውረጂና ይውጣ።»

ወንድም ከወንድሙ! ታዲያ እኔ ማን ነኝ? ወርቁ የማን አንገት ላይ ነበር?

«እማማ፣ የወሰደው ከወንድሙ አይደለም። ከእኔ ነው!»

ባሌ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየና ወደ ቤት ገባ። እንደ ልማዱ ሸሸ ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ግን የመፍቻ ሳጥኑንና ክሪኩን ይዞ ወጣ።

«ምን ልትሆን ነው?» አለች አማቴ።

«ላወርድ ነው።»

«ተዉት አልኩ እኮ!»

«ሰማሁሽ፣ እማማ። እስከ ዛሬ ያላልሽውን ሁሉ ሰምቼ ፈትቻለሁ። ዛሬ ያልሽውን ባልሰማ ይቅር በይኝ።»

ከዚያ ሥራውን ጀመረ። እኔ ከተቀመጥኩበት ሳልነቃነቅ ለባለጋራዡ ደወልኩ። ካምቢዮው መገኘቱን ስነግረው፣ «እውነት ከሆነ ነገ በጠዋት ገንዘቡን ይዤ እመጣለሁ» አለኝ። ለባለሱቋም ደወልኩላት። መብራቶቹ ወረዱ፤ ኮፈኑ ወረደ። የራዲያተሩ ውሃ በግቢው ሲፈስ የእማማ ዶሮዎች ተንጫጩ። ካምቢዮ ማውረድ የዋዛ ሥራ አይደለም፤ ባሌ ከሥር ሲያንኳኳ ወንበራችን ይንቀጠቀጣል። አማቴ በሯን ዘግታ ገብታለች።

ዋርሳዬ አጠገቤ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። በሽቦ የታሰረውን በር ሁለቴ ሦስቴ በትከሻው ገፋው፤ አልከፈት አለው።

«የኔ እህት፣ እባክሽ ልለፍ» አለ በመጨረሻ።

«በራስዎ በር ይውጡ።»

«በር የለኝማ!»

«እኔ ጋ አለ። ይሸጣል።»

የበሩን ሽቦ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ከሥራችን አንድ ብሎን ወድቆ ሲንከባለል ተሰማ።

«ለዘመድ በስንት ትዪዋለሽ?»

«ለዘመድማ ጨምሬበታለሁ» አልኩት።