ፊውዙ ሳይነቀል

የጋሽ ገብረመድኅንን ጣት የሰበርኩት እኔ ነኝ። አልክድም። ሙያ ያስተማሩኝን ሰው፣ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ በአስራ ዘጠኝ ቁጥር የነት መፍቻ ቁልፍ ነው የመታኋቸው።

ሸዋ በር አጠገብ ያለችው ጋራዣችን ረፋድ ላይ አንዋር የሚባል ባለታክሲ ሞተሩ እንደጋለ ገባ። የነዳጅ ፊልትሮው ይቀየርልኝ፣ የድሬዳዋ ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ነው፣ ፍጠኑ አለ። ጋሽ ገብረመድኅን የጦር ሠራዊት መካኒክ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት ካርቡራተር ላይ ነው። የድሮ ፔጆ ቱቦ ሲፈታ ቢበዛ ጠብ ጠብ ይላል። የዛሬው መኪና ግን ሞተሩ ጠፍቶም ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ በግፊት እንደታመቀ ነው የሚቆየው።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ የፓምፑን ፊውዝ ልንቀልና ሞተሩን ላስነሳው። ቱቦው ውስጥ ያለውን ጨርሶ ራሱ ይጥፋ። ከዚያ ባትሪውን ፈትተን፣ ሲበርድ በጨርቅ ሸፍነን ቀስ ብለን እንከፍተዋለን" አልኳቸው።

"እኔ ሞተር ሳወርድ አንተ ጡት አልጣልክም!" አሉና ቁልፉን ነቱ ላይ አሳረፉ። ፊታቸው ከቱቦው አንድ ስንዝር አይርቅም። እጃቸውን ብይዝ በክርናቸው ደረቴን አሉኝ። ቁልፉ መዞር ሲጀምር በእጄ በያዝኩት ቁልፍ ጣታቸውን መታኋቸው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት።

እኛ አገር ሽማግሌ የመታን ሰው "ለምን?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንዋር በቡጢ አፌን አለኝ። ስወድቅ ጎኔን በእርግጫ። መንገደኛውም ተጨመረበት።

"ወላሂ ይሄ ሰው አይደለም! አባቱን የሚመታ!" እያለ አንዋር ይረግጠኛል። ሁለት ጥርሴን ከደም ጋር ተፋሁ።

ሲደክመው ቁልፉን ከመሬት አነሳ። "ይሄ ሁሉ ለአንድ ነት ነው? ቢስሚላህ!" ብሎ ጎንበስ አለ።

አየሁት። አፌ ቢያብጥም መናገር እችል ነበር። ይቅመሳት አልኩ በልቤ።

ቤንዚኑ ፊቱ ላይ ፈነዳ። ከእጁ ያመለጠው ቁልፍ ያልተፈታው ባትሪ ላይ ወድቆ ብልጭ አለ፤ ወዲያው እሳቱ ቦግ። አንዋር ጭንቅላቱ እየነደደ፣ እየጮኸ፣ ከግድግዳ ጋር ይላተም ነበር። በአሸዋና በእርጥብ ጆንያ አጠፋነው። ጋሽ ገብረመድኅን በደህናው እጃቸው አሸዋ ይዝቁ ነበር። የአንዋር ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ።

ጋሽ ገብረመድኅን ሁለት ወር አኩርፈውኝ ቆዩ። ሽማግሌ ይዤ ቤታቸው ሄድኩና እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ዓይንዎን ያተረፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ልኩራራም ዳድቶኝ ነበር።

"ስለ እኔ ይቅር ብዬሃለሁ" አሉኝ። "ግን ነስሮ፣ አንዋር ሊፈታ ሲያጎነብስ አንተን እያየሁህ ነበር። ለእኔ እጅህ ተነሳ፤ ለእሱ አፍህ እንኳ አልተከፈተም።"

አፈርኩ። ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ አቦከር ሰፈር፣ አንዋር ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ እናቱ ነጂባ ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"አትፍቱ ያልከው አንተ ነህ አሉኝ። ምነው ልጄ ሰምቶህ ቢሆን! አላህ ጀዛህን፣ ምንዳህን ይክፈልህ።"

"እማማ፣ የነገርኩት ለሽማግሌው ነው። ልጅዎ ሊፈታ ሲል እያየሁ ዝም አልኩ። ስለደበደበኝ ነው ዝም ያልኩት።"

እጃቸው ከፊቴ ላይ ቶሎ አልተነሳም። ከውስጥ አንዋር "እማዬ፣ ማነው?" አለ።

"ማንም የለም" አሉና በሩን ዘጉት።