የታረሙት ዓሦች

ማስታወቂያው የተለጠፈው ሰኞ ጠዋት ነው። ማህደር ከክፍል ወጥታ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ እየጠቀለለች በመምህራን ቢሮ በር ስታልፍ ርዕሱን አየችና ቆመች። «የባሕር ዳርቻ ዓሦች ርቢና የመንጋቸው አወቃቀር፤ በታጁራ ጠረፍ የተደረገ ጥናት» ይላል። ከሥሩ የአቅራቢው ስም አለ፤ ዶክተር ደስታው። ለማዕረግ ዕድገት የሚቀርብ ሴሚናር፣ ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት።

ደስታው ታጁራን በካርታ ካልሆነ አይቷት አያውቅም። ሙያው የከብት ርቢ ነው፤ ዶክተር የተባለው በዳባት ዙሪያ ላሞች ላይ ሠርቶ ነው። ጂቡቲ ተሻግራ ሁለት ዓመት ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር በጀልባ የዋለችው፣ ፊቷ በጨውና በፀሐይ የተላጠው ማህደር ናት። ደባርቅ ያለው ኮሌጅ ውስጥ በተቀጠረች በሦስተኛ ወሯ፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነውና አስተያየት ይስጠኝ ብላ ጽሑፏንም ሰንጠረዧንም በፍላሽ ሰጠችው። ከወር በኋላ «ደካማ ነው። ለመሆኑ የባሕር ዓሣ ለሰሜን ተራራ ምኑ ነው?» ብሎ መለሰላት። እሷም አመነችውና አስቀመጠችው። ይህ ከሆነ ዓመት አልፏል።

ሳታንኳኳ ቢሮው ገባች።

«ዶክተር፣ የሚያቀርቡት የእኔን ሥራ ነው።»

ደስታው ከወረቀቱ ቀና አላለም። «በሩን ዝጊው፤ ብርድ ገባ።»

አልዘጋችውም።

«የሰጠሽኝ ጥሬ መረጃ ነው» አለ፤ «ያውም ስህተት የሞላበት። ወር ሙሉ ቁጭ ብዬ ያረምኩት እኔ ነኝ። ከፈለግሽ ምስጋናው ላይ ስምሽን አስገባልሻለሁ።»

«ስህተቱ ምን ነበር?»

«አንዱን ዓሣ መጀመሪያ ሴት፣ በዓመቱ ወንድ ብለሽ መዝግበሻላ! ተማሪዬ ብትሆኚ ኖሮ ጥዬሽ ነበር።»

ማህደር ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ሰውየው የዓሦቹን ጠባይ ጨርሶ እንደማያውቅ የገባት በዚያች ቅጽበት ነው። እነዚያ በኮራል ድንጋይ ሥር የሚኖሩ አፈ ሰፊ ዓሦች ሲወለዱ ሁሉም ሴት ናቸው። ዕድሜያቸው ሲገፋ፣ አካላቸው ሲገዝፍ፣ ጥቂቶቹ ወደ ወንድነት ይለወጣሉ። ለዚህ ነው አስጋሪው ትልልቁን ብቻ እየመረጠ ሲወስድ መንጋው ያለ አባት የሚቀረው። የጥናቷ ፍሬ ነገር ይኸው ነበር። ደስታው እሱን ስህተት ብሎ ሰርዞታል።

«እሺ» አለችና ወጣች።

ረቡዕ ሚኒባስ ይዛ ዳባት እናቷ ዘንድ ወረደች። የመስክ ደብተሮቿ እዚያ ሣጥን ውስጥ ናቸው። እናቷ ወይዘሮ አመተ ማርያም ነገሩን ከሰሙ በኋላ ልጃቸው ሣጥኑን ስታገላብጥ ቆመው አዩና፣ «ለኮሌጁ ዲን ብትነግሪ አይሻልም?» አሏት።

«ብነግር ‹አብረን ነው የሠራነው› ብሎ ያመልጣል፣ እማዬ። ዓርብ ሰው ፊት ይናገር።»

«ልጄ፣ ፊትሽ አላማረኝም» አሉ እናቷ።

ዓርብ አዳራሹ ሞላ። ደስታው ሙሉ ልብስ ለብሶ አርባ አምስት ደቂቃ አወራ። የሴትና የወንዱ ቁጥር በዕድሜ አይለዋወጥም፤ ስለዚህ ትልልቆቹን ማጥመድ መንጋውን አይጎዳም ብሎ ደመደመ። ተጨበጨበለት። ማህደር እጇን አወጣች።

«ዶክተር፣ ቁጥር አርባ አንድ ዓሣ ምን ነበረች?»

ሰንጠረዡን ገለጠ። «ሴት።»

«በዓመቱ ድጋሚ ስትያዝስ?»

«ያው ሴት ናት እንጂ። መዝጋቢው ተሳስቶ ወንድ ብሏት ነበር፤ አርመነዋል።»

«እንዲህ ያረሙት ስንት ነው?»

«ሰባት» አለ፤ ኮራ ብሎ።

«ዓሣዋን በእጁ የያዛት ማን ነው?»

ደስታው ወደ ሰንጠረዡ ተመለሰ፤ እሷ ግን አልጠበቀችውም።

«እኔ ነኝ። ቁጥሩን ክንፏ ሥር ያሰርኩት፣ ከሆዷ በቀጭን ቱቦ ናሙና ወስጄ በማይክሮስኮፕ ያየሁት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት እንቁላል ነበራት፤ በሁለተኛው የወንድ ዘር። እነዚህ ዓሦች ፆታቸውን ይለውጣሉ፣ ዶክተር። አንድ መጽሐፍ ቢገልጡ ኖሮ ያገኙት ነበር።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሳቁ ተዛመተ። ደስታው «ቅናት ነው! ይቺ ልጅ…» ብሎ ጀመረና የሚፈልገውን ገጽ አጥቶ ወረቀቱን ያገላብጥ ገባ። ማህደር መደናገሩን ስታይ ደስ አላት። እንዲጨምር ፈለገች። ስለዚህ የቀሩትን ስድስት ቁጥሮች አንድ በአንድ ጠራች፤ እያንዳንዱን ሴት ወይስ ወንድ እያለች ጠየቀችው። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ የሚስቅ አልነበረም።

የኮሌጁ ዲን ወይዘሮ የሺወርቅ ተነሥተው ደብተሩን ከእጇ ተቀበሏት። ጨው ያኮማተራቸውን ገጾች፣ ቀኖቹን፣ የአስጋሪዎቹን ፊርማ አዩ።

«ዶክተር ደስታው፣ ታጁራ የሄዱት መቼ ነው?»

ደስታው ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመረ። «ስብሰባው አብቅቷል» አሉ ዲኗ።

ዕድገቱ ታገደ፤ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኃላፊነቱን ግን የሚተካ ሰው ስላልተገኘ ደስታው ወንበሩ ላይ ቆየ። እሱ ባወጣው አዲስ የትምህርት ፕሮግራም ማህደር የተበጣጠሱ ሰዓቶች ደረሷት፤ ከጠዋት አንድ ሰዓት አንድ ክፍል፣ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ባዶ። ምሳ አብሯት ይበላ የነበረው ባልደረባዋ ሙሌ ሌላ ጠረጴዛ ያዘ። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀው፣ «መስረቁን ሰርቋል፤ አንቺ ግን ሰውየውን ቆዳውን ገፈፍሽው» አላት። ልትከራከረው አስባ ተወችው።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ከዳባት ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የቀረው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ከደስታው ጎን። ረዳቱ «ግቢ እንጂ!» ብሎ ጮኸባት። ገባች። ጉልበታቸው እየተነካካ ግማሽ መንገድ ሄዱ። እሱ ወደ መስኮቱ፣ እሷ ወደ ሹፌሩ ጀርባ እያዩ።

«ለምንድን ነው ሁሉም የማይለወጡት?» አለ በመጨረሻ፤ ፊቱን ሳያዞር።

ጥያቄው የእውነት እንደሆነ ድምፁ ላይ ተሰማት። መልሱን ታውቀው ነበር። ትልቁ ወንድ መንጋው ውስጥ እስካለ ድረስ ሴቶቹ እንዳሉ ይቆያሉ፤ እሱ ሲጠፋ ትልቋ ሴት ቦታውን ትይዛለች። ለተማሪ ቢሆን በደስታ ታስረዳው ነበር።

«ሲታተም ያነቡታል» አለች።

ደባርቅ መናኸሪያ ሲደርሱ እሱ ቀድሞ ወረደ። እሷ ሰው እስኪያልቅ ጠብቃ ወረደችና በሌላኛው መንገድ ሄደች።