የሰጪዎቹ ድምፅ

አሻግሬ ከጎንደር በተመለሰ ማግስት አዝማሪ ላቀውን ወደ ሱቁ አስጠራው። አሻግሬ ደባርቅ ውስጥ ባትሪ፣ ፋኖስና ካሴት የሚሸጥ ሰው ነው። የላቀውን ጨዋታ አባዝቶ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ለማዳረስ ካሰበ ቆይቷል። ለዚሁ ብሎ ዳባት ላይ በአንድ ሠርግ ዳስ ውስጥ ላቀው ማሲንቆውን ሲጫወት በትልቁ የሪል ቴፑ ቀድቶት ነበር። የተቀዳውን ግን እንዳለ ማባዛት አልወደደም። ጎንደር ወስዶ ደምለው ለሚባል የድምፅ ባለሙያ ሰጠው፤ ጩኸቱን አጥርቶ፣ የደከመውን አጉልቶ፣ ሌላው ካሴት ሁሉ የሚገለበጥበትን ማስተር እንዲያወጣለት።

"ቁጭ በል ላቀው፣ ዛሬ ራስህን አታውቀውም" አለ አሻግሬ።

"ድሮስ መቼ አውቀው ነበር?"

ቴፑ መዞር ጀመረ። ላቀው ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ከልጅነቱ ጀምሮ ማሲንቆ ሲመታ የኖረ ሰው ነው፤ እንዲህ ጥርት ያለ የገዛ ድምፁን ግን ሰምቶ አያውቅም። ጭራው ሲሳብ፣ ጉሮሮው ግጥሙን ሊያነሳ ሲዘጋጅ ሳይቀር ይሰማል። ደስ አለው፤ ደስታውን ለመደበቅም ጢሙን ያሻሽ ጀመር።

ከዚያ ይቺ ግጥም መጣች፦

ልጄን ወሰዳችሁ ወረቀት ሰጣችሁ፣
ወረቀት አያርስም ምን ይሁን ብላችሁ።

ላቀው ቀና አለ። "የሰጡኝ የት ሄዱ?"

"ማን?"

"እትዬ ጤናዬ ናቸዋ! ይህን ግጥም እሳቸው ናቸው የሰጡኝ። ድምፃቸው የታለ?"

"እሱንማ ደምለው አወጣው። ከአንተ ድምፅ በቀር ያለውን ሁሉ በምላጭ እየቆረጠ አወጣና የቀረውን በፕላስተር አጣበቀው። ጥራት ማለት ይህ ነው አለኝ።"

በዚያ አገር ግጥም የሚሰጠው አድማጩ ነው። አድማጩ "ተቀበል!" ብሎ ሁለት ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ቃል ሳያጓድል ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። ላቀው ባላባት ፊትም፣ ዳኛ ፊትም ተቀብሎ ያውቃል። የከፋው ሰው ቢኖር "ማን ሰጠህ?" ይለዋል እንጂ "ለምን አልህ?" አይለውም። አሁን ግን ሰጪው የለም። ብሔራዊ ውትድርና ልጆችን ከየጎጡ በሚሰበስብበት ዘመን፣ ያ ግጥም ከላቀው ልብ የፈለቀ መስሎ በየገበያው ሊዘፈን ነው።

"አሻግሬ፣ አንገቴን ነው ያጠራልህ ሰውዬው" አለ።

አሻግሬ ነገሩ ሲገባው ፊቱ ተለወጠ። "እንግዲያ ይቺን አንዷን ግጥም ቆርጠን እንጣላት።"

"የሰው ቃል ነው። ሳልጠይቅ አልጥልም።"

በማግስቱ ዳባት ወረደ። ጤናዬ ባላቸው ሞቶባቸው በአንድ ልጅ የቀሩ ሴት ናቸው፤ አንድ ልጃቸው ይግዛው ስሙ በገበሬ ማኅበሩ ተጠርቶ ዘምቷል። ላቀው አውድማ ላይ ገብስ ሲያዘሩ አገኛቸው። የሆነውን አንድም ሳያስቀር ነገራቸው።

"ድምፄን ጥለው ቃሌን ያዙት በለኛ" አሉ መንሹን ሳያስቀምጡ።

"እንዲያው ነው።"

"ፈራህ?"

"ፈራሁ።"

"እንዳንተ ያለ ምላሰኛ ከፈራ ነገር አለ ማለት ነው።"

"አሻግሬ ግጥሙ ይውጣ ይላል። እኔም ለእርስዎ ሳልነግር አልሆነልኝም። ድምፅዎ ይመለስ ቢባል ደግሞ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እርስዎን ይጠይቃል።"

"ይጠይቀኝ። ከይግዛው ሌላ የሚወስደው ምን አለኝ?" ገብሱን አንዴ ወደ ላይ በትነው ነፋሱን ጠበቁ። "ወታደር ቴፕ አያጣም ይሉኛል። ያንተን ድምፅ ቢሰማ አዝማሪ ሰማሁ ብሎ ያልፋል። የኔን ቢሰማ እናቴ በሕይወት አለች ይላል። መልሰኝ ላቀው።"

ላቀው እሺ ብሎ ተመለሰ፤ መንገዱን ሙሉ ግን ሸክሙን ከራሱ አውርዶ በአንዲት አሮጊት ጀርባ ላይ የጫነ እየመሰለው ቅር ሲለው ዋለ።

ከአሻግሬ ጋር ጎንደር የደረሱ ዕለት ደምለው በምላጭ የቆረጣቸውን የቴፕ ቁራጮች ገና አልጣላቸውም ነበር። ካርቶን ሙሉ እንደ ሐር ክር ተጠላልፈዋል። አንድ በአንድ እየመዘዘ ማሽኑ ላይ አሰማቸው። አንዱ ሳቅ ነው፤ አንዱ ሳል ነው፤ አንዱ "ተቀበል!" ብሎ ይጮኻል። ብዙ ቆይቶ የጤናዬ ድምፅ መጣ፤ ቀጠን ያለ፣ ከሴቶቹ መደብ በኩል ከሩቅ የሚሰማ።

"ተገኘች" አለ ደምለው። ከቦታዋ አጣብቆ፣ ድምፅዋን አጉልቶ መልሶ አሰማቸው። በዚያ ጥርት ባለ ዜማ መካከል አንዲት ሴት ብቻዋን ተናገረች። ከርሷ በፊት ማንም የለም፤ ከርሷ በኋላም ማንም የለም።

ላቀው ራሱን ነቀነቀ። "አይሆንም። ይህማ በጣት መጠቆም ነው።"

"ትመለስ ያልኸኝ አንተው አይደለህ?"

"ሠርጉ ላይ ብቻቸውን አልነበሩም። ድረስም ሰጥቶኛል፣ ያርጋልም ሰጥቶኛል፣ ሚዜዎቹም ሰጥተውኛል። የነሱም ይግባ። ስለ ሙሽራዋ የሰጠው፣ ስለ በሬው የሰጠው፣ እኔን የሰደበኝም ሳይቀር ይግባ። ሊቀመንበሩ ማን ሰጠህ ሲለኝ አገሩ በሙሉ እላለሁ።"

"እንዲህ ከሆነማ ማስተርነቱ ቀርቶ ሠርግ ሆነ!"

"ሠርግ ነበር እኮ።"

ደምለው ወደ አሻግሬ ዞረ። "አንተ፣ ጥራት ብለህ አይደል ያመጣኸው?"

አሻግሬ ካርቶኑን አየ፤ ላቀውንም አየ። ያሰበው ካሴት ይህ አልነበረም። "ከዘፋኙ በላይ አላውቅ" አለ በመጨረሻ፤ ኮቱን አውልቆም ወንበሩ ላይ ሰቀለ። "የቱ ነው የሚቀድመው?"

ያን ቀን ሙሉ ሲሠሩ ዋሉ። ደምለው ቁራጩን ያሰማል፤ ላቀው የማን እንደሆነና ከየትኛው ግጥም ፊት እንደሚገባ ይናገራል፤ አሻግሬ ፕላስተር ይቆርጣል። "ይኼ ድረስ ነው፤ ከበሬው ግጥም በፊት። ይቺ የሙሽራዋ አክስት ናት፤ ከዚያ ቀጥላት። ይኼ ያርጋል ነው፤ ስድቡን እንዳትቆርጥበት።"

ከያርጋል ቀጥሎ ያ ቀጭን ድምፅ መጣ።

"እትዬ ጤናዬ ናቸው" አለ ላቀው። "አታጉላቸው፤ እንደ ሌላው ተዋቸው።"

ደምለው አጣበቃትና ቀጣዩን ቁራጭ አነሳ።