የሰባት ቁጥር ዝምታ

1.

የተራራ ጫማዬ ልክ ሆነ። ሁለት ካልሲ ደርቤ ነው፣ ግን ልክ ሆነ። ሁለት ዓመት አብረን ተኝተን ከረምን፤ እኔ አልጋው ላይ፣ እሱ አልጋው ሥር።

2.

የእግር ጉዞ ማኅበራችን ቅጽ። ሰብሳቢያችን ጋሽ ልሳነወርቅ የገዛ ሚስታቸውንም ቢሆን ይህን ሳያስሞሉ ሚኒባስ ውስጥ አያስገቡም።

ስም፦ ምንትዋብ ገረመው
ቁጥር፦ ሰባት
የሚወጣው ተራራ፦ የረር
የጤና ሁኔታ፦ መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ነበረብኝ፣ ሃያ ወር ሙሉ ኪኒን ውጫለሁ፣ አሁን ድኛለሁ፣ ሐኪሙ ፈቅዶልኛል፣ ካላመናችሁ ደውላችሁ

(መስመሩ አለቀ።)

3.

ስለ ቁጥሩ ላስረዳችሁ፤ ያለዚያ ለምን እንደቸኮልኩ አይገባችሁም። አሥራ አንድ ነን፣ እያንዳንዳችን ቁጥር አለን። ጫፍ ስንደርስ ማንም እንዳልጠፋ ለማወቅ በየተራ ቁጥራችንን እንጮኻለን። ጫፍ ያልደረሰ አይጮኽም። ሁለት ዓመት ያልጮኸ ቁጥሩ ለአዲስ አባል ይሰጥበታል።

የእኔ ሁለት ዓመት የሚሞላው ዛሬ ነው።

ዛሬ።

4.

ሆስፒታል በገባሁ በወሩ የማኅበሩ ሰዎች ወጨጫ ተራራ ወጡ። ቆጠራው ላይ «ስድስት» ተባለ፣ ከዚያ ዝም። «ሰባት ጠፍታለች» ብለው ተበተኑ። ስሜን እየጠሩ ጫካውን አንድ ሰዓት አሰሱት፤ ጋሽ ልሳነወርቅ ገደል አፋፍ ላይ በሆዳቸው ተኝተው ቁልቁል ሲያዩ ነበር። በመጨረሻ ሆስፒታል መሆኔን ያስታወሰችው ጓደኛዬ ትርሲት ናት፣ ስድስት ቁጥር። ለነገሩ በዋዜማው ሾርባ ይዛ የጠየቀችኝ እሷው ራሷ ነበረች።

ስትነግረኝ ሳል እስኪያፍነኝ ሳቅሁ። ሲስተሯ ሁለታችንንም ተቆጣችን። ከሄዱ በኋላ አለቀስኩ፤ ተራራ ላይ ተፈልጌያለሁ ብዬ፣ ደስ ብሎኝ።

ከዚያ ወዲህ በእኔ ተራ ሆን ብለው ዝም ይላሉ። አንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ «ስምንት»።

5.

በትርሲት ስልክ የተቀዳ፤ የዳገቱ እኩሌታ ላይ።

ትርሲት፦ ምንቴ፣ ከንፈርሽ ነጥቷል።
እኔ፦ ቫዝሊን ረስቼ ነው።
ትርሲት፦ እስቲ ቁጭ በይ።
እኔ፦ ከተቀመጥኩ አልነሳም።
ጋሽ ልሳነወርቅ፦ ልጄ፣ እዚሁ ጩኺው። ጫፍ ደርሳለች ብዬ እመዘግባለሁ።
እኔ፦ ሕጉን ያወጡት እርስዎ ነዎት እኮ።
ጋሽ ልሳነወርቅ፦ እኔው አፈርሰዋለኋ።
እኔ፦ አይሆንም፣ ጋሼ።

(የጫማ ኮቴ። ትንፋሽ።)

6.

ለራሴ የሰጠሁት መመሪያ፦

አሥር እርምጃ ሂጂ። ቁሚ። ዘጠኝ ሂጂ። ቁሚ። ጫፉን አትዪ፤ የትርሲትን ተረከዝ እዪ። የኪኒኑን ብዛት አስቢና ተናደጂ፣ ንዴት ዳገት ላይ ይጠቅማል። ስምንት ሂጂ።

ስምንት።

ስምንት።

ትርሲት ቆመች። ለምን እንደቆመች ልጠይቃት ቀና ስል ከፊቷ መሬት አልነበረም።

8.

(ሰባትን አልረሳሁትም። ቆዩኝ።)

ደርሻለሁ። ነፋሱ ጃኬቴን ሊያወልቅብኝ ይታገላል፣ ከታች የከተማው ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፣ እኔ ከሁሉም በላይ ነኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሆስፒታል ተኝቼ ስንት ጊዜ በሐሳቤ እንደጻፍኩት አትጠይቁኝ። እግር ቢተርፈኝ ጮቤ እረግጥ ነበር።

9.

ጋሽ ልሳነወርቅ ደብተራቸውን ገለጡ።

አንድ።
ሁለት።
ሦስት።
አራት።
አምስት።

«ስድስት» አለች ትርሲት፤ አላየችኝም፣ ካየችኝ ልታለቅስ ነው።

ትንፋሼ ግን ገና ዳገቱ ላይ ነው፣ አልደረሰልኝም። የተለመደችው የዝምታ ጊዜ አለፈች። ስምንት ቁጥር ልማድ ሆኖበት አፉን ሊከፍት ሲል ዘጠኙም ሰው ዞሮ አፈጠጠበት። አፉን ዘጋ።

ማንም ስምንት አላለም። ጋሽ ልሳነወርቅ እስክሪብቷቸውን ወረቀቱ ላይ እንደደቀኑ ቀሩ።

አየር ሳብኩ። እናንተም ሳቡ፤ ሳንባችሁ ከእኔ ይሻላል።

7.